በአፍ መፍቻ ቋንቋ የወንጌል ትረካ እንዴት ይቀረጻል? ከመጀመሪያው እስከ ሚሞሪ ካርዱ

«ምን ዓይነት ማይክ ልግዛ?» ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የባሕር ዳርና የዙሪያዋ ምእመናን ናቸው። አንዷ እንጅባራ ላሉ እናቶች በአገውኛ፣ ሌላው መተከል ላሉ ወንድሞች በጉሙዝኛ ወይም በሽናሽኛ የወንጌል ታሪክ ቀርጾ ማድረስ ይፈልጋል። ማይኩን እነግራችኋለሁ። ግን ከማይኩ የሚቀድም ነገር አለ፤ ቀረጻ በብዛት የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ሰሚው በድምፁ ውስጥ የገዛ ሰፈሩን ሰው ካልሰማ፣ ማይኩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያዳምጠውም። አማርኛን በሌላ ቋንቋ አፍ ማስነበብና ታሪኩን በዚያ ቋንቋ ማስተረክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እዚህ የጻፍኩት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ለሚፈጅ አንድ ታሪክ ነው። አንዱን በደንብ ከሠራችሁ አርባ ታሪክም ቢሆን በዚሁ መንገድ ትሠራላችሁ። ለምሳሌ እንዲሆነን ኢየሱስ ማዕበሉን ጸጥ ያደረገበትን፣ ማርቆስ 4፥35–41ን እንያዝ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስማርት ስልክ ወይም አነስተኛ ድምፅ መቅጃ። ድምፅን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ (WAV) ፎርማት መቅዳት መቻሉን አረጋግጡ።
- ደረት ላይ የሚሰካ ባለሽቦ ማይክ። ብሉቱዝ ማይክ አትግዙ፤ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክ በኋላ የማይስተካከል ጉድለት ይፈጥራል።
- ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ።
- ፓወር ባንክ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።
- ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፣ ገመድና አንድ የስፖንጅ ፍራሽ።
- ላፕቶፕና ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም።
- ሁለት ፍላሽ፤ እንዲሁም ሰሚው በትንሽ ስፒከር የሚያጫውታቸው፣ ከ32 ጊጋባይት ያልበለጡ ሚሞሪ ካርዶች።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ለተናጋሪው ለብ ያለ ውሃ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጓችሁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ተራኪ ነው። ሁለተኛው ያንኑ ቋንቋ የሚናገር፣ ተራኪው ፊት ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ነው። ይህን ሁለተኛ ሰው ብዙዎች ይዘሉታል። አትዝለሉት፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የማን አነጋገር እንደሆነ ለዩ

«አገውኛ» ብላችሁ አትነሱ። የአዊ አገውኛና የዋግ ኽምራው ኽምጣንጋ ዝምድና ቢኖራቸውም የአንዱ ተናጋሪ የሌላውን እንደ ራሱ አይሰማም። በአንድ ቋንቋ ውስጥም የቆላውና የደጋው አነጋገር ሊለያይ ይችላል። ቅጂው የሚደርስበትን ወረዳ ጻፉ፤ ተራኪውንም ከዚያው ፈልጉ። ካልሆነ ሰሚው ታሪኩን ትቶ «ይሄ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?» ሲል ይውላል።

ደረጃ 2፦ ተራኪውን ምረጡ፣ ፈቃዱንም ያዙ

ጥሩ አንባቢ አትፈልጉ። ጥሩ ተረት አውሪ ፈልጉ። ቡና ላይ ሲያወራ ሰው ጸጥ ብሎ የሚሰማው ሰው አለ አይደል? እሱ ነው። ማንበብ ባይችል ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ደግሞም በመንደሩ በመልካም ስም የሚታወቅ ይሁን። ድምፅ እንደ ፊት ነው፤ ይለያል። ጎረቤት ያጣላ ሰው ስለ ይቅርታ ሲተርክ ማንም አይሰማውም።

ከዚያ ፈቃድ። በወረቀት ከማስፈረም ይልቅ በራሱ ቋንቋ በድምፅ ቅረጹት። አራት ነገር ይናገር፦ ምን እየቀረጸ እንደሆነ፣ ቅጂው የት የት እንደሚሄድ፣ ስሙ ይጠራ ወይስ አይጠራ፣ ላጠፋው የሥራ ቀን ምን እንደሚከፈለው። አንድ ጊዜ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ የተላለፈ ድምፅ ተመልሶ እንደማይሰበሰብ በግልጽ ንገሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቤተሰቡ ወይም ከጎረቤቱ ጋር የሚያጋጨው ከሆነ አትገፋፉት። «ጌታ ይጠብቅሃል» ብላችሁ እናንተ ባሕር ዳር ትመለሳላችሁ፤ እሱ ግን እዚያው ይኖራል።

ደረጃ 3፦ ታሪኩን ለጆሮ አዘጋጁ

ምንባቡን በአማርኛ አንብቡና ከ15 እስከ 25 በሚሆኑ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ከፋፍሉት። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ብቻ ይኑር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፣ የሚሰማ ሰው ግን ያመለጠውን አያገኘውም። «እርሱ» የሚለው ማን እንደሆነ ሲያጠራጥር ስሙን ድገሙ።

ቋንቋው የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ካለውና ቃል በቃል ማንበብ ከፈለጋችሁ፣ የኅትመት መብቱ ያለውን አካል አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ይህ መመሪያ ስለ ትረካ ነው። ትረካውን «መጽሐፍ ቅዱስ» ብላችሁ አታቅርቡት፤ «ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ታሪክ» በሉት።

ደረጃ 4፦ አስቸጋሪ ቃላትን ሳትቀርጹ ጨርሱ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይቆጫችሁ።

የማዕበሉን ታሪክ እንይ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ታንኳ» ይላል። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ታንኳ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው የደንገሉ ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ግን ኢየሱስንና ደቀ መዛሙርቱን አንድ ላይ አይችልም። ትራስ ተንተርሶ የሚያስተኛ ቦታም የለውም። እንግዲህ የጣና ዳሩ ሰው ራሱ የተሳሳተ ሥዕል ይዟል ማለት ነው። ሐይቅ አይቶ የማያውቀው የደጋ ሰውስ?

አንድ ጊዜ ከእንጅባራ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ ተራኪ ይህንኑ ታሪክ ሲተርክልኝ «ታንኳ»ን እንዳለ በአማርኛው ወሰደው። እኔም አሳለፍኩት። ቅጂውን ለአንዲት እናት ስናሰማ እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው አዳመጡና «ታንኳ የሰውዬው ስም ነው?» ብለው ጠየቁ። ታሪኩ በሙሉ በዚያች ቃል ምክንያት ፈርሶባቸው ነበር። ሁለተኛ ስንቀርጸው ተራኪው «ብዙ ሰው ይዞ ውሃ ላይ የሚሄድ፣ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ነገር» ብሎ በራሱ ቋንቋ አንድ ጊዜ ገለጸው፤ ከዚያ በኋላ ባጭሩ ጠራው። አምስት ሰከንድ ጨመረ። ታሪኩ ግን ቆመ።

ከዕቃ ስም ይልቅ የሚከብዱት የእምነት ቃላት ናቸው። መንፈስ፣ መልአክ፣ ኃጢአት፣ ጸጋ፣ ነቢይ። ለ«መንፈስ» በመጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ቃል የዛር ወይም የሙት መንፈስ ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ተራኪ ሐሳብ አትወስኑ። የዚያው ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ ሦስት አራት አማኞችን ሰብስቡ፣ ሽማግሌም ሴትም ይኑርበት። «ይህን ቃል ስትሰሙ ምን ይታያችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተስማሙበትን ደብተር ላይ ጻፉና በሁሉም ታሪክ ውስጥ ያንኑ ተጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ቦታና ሰዓት

ብትችሉ እናንተ ወደ ተራኪው ሂዱ። ተራኪው ባሕር ዳር ሦስት ቀን ከሰነበተ አማርኛ በአፉ ይገባል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገጠር ከሆናችሁ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ሣር ክዳን ጎጆ ፈልጉ። ሣሩ ድምፅ ይውጣል፤ ማስተጋባት የለም ማለት ይቻላል። ቆርቆሮ ቤት ግን ፀሐይ ሲሞቀው ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ዝናብ ሲመጣም ሥራው ያበቃለታል። የቆመ መኪና ውስጥ መቅዳትም ያስኬዳል፤ ወንበሮቹ ድምፅ ይይዛሉ። ሞተሩና ራዲዮው መጥፋታቸውን አትርሱ።

ባሕር ዳር ውስጥ ከሆነ ከባጃጅ መንገድ የራቀ ክፍል ምረጡ። ብርድ ልብሶቹን ከተራኪው ፊትና ከጀርባው በገመድ ስቀሉ፣ ፍራሹን በጎን አቁሙ። ድምፅ ጠንካራ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ቅጂው የጉድጓድ ውስጥ ወሬ ይመስላል፤ ይህን ደግሞ በኮምፒውተር ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ሰዓቱን በተመለከተ ለእኔ የተመቸኝ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ የንጋቱ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አብቅቷል፣ የክረምቱም ዝናብ በአብዛኛው ገና አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋስ ይነሳል፤ መስኮትና ቆርቆሮ ያንቀጫቅጫል። ወር በገባ በ12 እና በ21፣ እንዲሁም የሰፈሩ ታቦት በሚነግሥበት ቀን ቀጠሮ አትያዙ። ተራኪው ጿሚ ከሆነም ጠይቁት፤ ውሃ ያልቀመሰ አፍ ይደርቃል፣ በማይክ ሲሰማም ተጣብቆ የሚላቀቅ ድምፅ ያወጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ። የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ። ፍሪጅ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ዶሮ፣ የጎረቤት ወፍጮ። ማጥፋት የሚቻለውን አጥፉ። ፍሪጅን ጆሯችን ስለለመደው አይሰማንም፤ ማይክ ግን አይለምደውም። እኔ የሁለት ሰዓት ቀረጻ በዚህ አጥቻለሁ።

ደረጃ 6፦ መሣሪያውን አስተካክሉ

ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ይቋረጣል፤ ኔትወርክ ሲፈልግም ማይኩ ላይ ጥዝታ ይፈጥራል። ፎርማቱ ዌቭ፣ ሞኖ (አንድ የድምፅ መስመር ብቻ)፣ 48 ኪሎኸርትዝ፣ ከተቻለ 24 ቢት ይሁን። በዚህ ልክ አንድ ደቂቃ ወደ 9 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ቦታ መኖሩን እዩ። ድምፁን ወደሚጨምቀው ኤምፒስሪ (MP3) የሚለወጠው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ድምፅ ሲታረምና እንደገና ሲጨመቅ እየባሰበት ይሄዳል።

ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ፣ ትንሽም ወደ ጎን አድርጉት። ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «በ» ሲባል የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል። ልብስና የአንገት ጌጥ እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ተራኪው በጣም ጮክ የሚልበትን ቦታ አስተርኩትና መለኪያውን እዩ፤ ከፍተኛው ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይሁን። ዜሮ ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅም አይጠገንም። ዝቅ ያለ ድምፅ ግን በኋላ ከፍ ይላል።

ደረጃ 7፦ ቅረጹ

1. ሁሉም ዝም ባለበት 30 ሰከንድ የክፍሉን ጸጥታ ቅረጹ። ስታርሙ ክፍተት መሙያ ይሆናችኋል።

2. ታሪኩን በሙሉ ለተራኪው በአማርኛ ንገሩት። ከዚያ ያለ ማይክ ለዚያ ለሁለተኛው ሰው በራሱ ቋንቋ ይንገረው። አንድ ጊዜ ካልበቃ ሁለት ጊዜ።

3. አሁን ቅረጹ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ትሉታላችሁ፤ እሱ ለጓደኛው ይነግረዋል። ዓይኑ ጓደኛው ላይ ይሁን፣ እናንተ ላይ ወይም ስልኩ ላይ አይሁን። ሰው ለማይክ ሲናገር ድምፁ ይደነዝዛል፤ ለሰው ሲናገር ሕይወት ይኖረዋል። ደቀ መዛሙርቱ «ስንጠፋ አይገድህምን?» የሚሉበት ቦታ ላይ ተራኪው የልመና ድምፅ ካላወጣ ድገሙት። ፊቱ ያለው ሰው ቅንድቡን ሲያነሳ ተራኪው ራሱ ያስተካክለዋል።

4. በዓረፍተ ነገሮች መካከል ሦስት ሰከንድ ዝምታ ተዉ። መቁረጥ የሚቻለው እዚያ ነው።

5. ስህተት ሲፈጠር ቀረጻውን አታቁሙ። አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አስደግሙ። ጭብጨባው ኮምፒውተር ላይ እንደ ረጅም እሾህ ብቅ ስለሚል ስህተቱን ወዲያው ታገኙታላችሁ።

6. በየ20 ደቂቃው አርፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከግማሽ ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ አታስደግሙ። የአዊ አገውኛም ጉሙዝኛም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይባቸው ቋንቋዎች ናቸው። ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ቅጂ ብትቀጥሉ ለእናንተ ልክ ይመስላል፤ ለባለቤቱ ግን ዜማው ተሰብሯል፣ ቃሉም ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል።

ከትረካው ጋር መዝሙር የምትፈልጉ ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ነው። የአማርኛ መዝሙር ዜማ ላይ የእነሱን ቃል አትጫኑ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ቃሉ መውረድ ካለበት ትርጉሙ ይጠፋል። አማኞቹ በራሳቸው ዜማ ይዘምሩ፣ ለብቻውም ይቀረጽ። ከትረካው ሥር የሙዚቃ መሣሪያ አታስገቡ። በትንሽ ስፒከር ሲሰማ ቃሉን ይሸፍነዋል።

ደረጃ 8፦ ሳትተኙ ቅጂ አስቀምጡ

የዚያኑ ምሽት ፋይሉን ወደ ላፕቶፕና ወደ ሁለቱም ፍላሽ ገልብጡ። አንዱ ፍላሽ ከእናንተ ጋር አይሁን፤ ሌላ ሰው ይያዘው። ቦርሳ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ እንዳይጠፋ ነው። በደብተሩ ላይ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ቋንቋውን፣ ወረዳውንና የታሪኩን ርዕስ ጻፉ። ተራኪው ስሜ አይጠራ ካለ እዚህም ስሙን አትጻፉ።

ደረጃ 9፦ እርማት

በኦዳሲቲ ጭብጨባዎቹን ተከትላችሁ ስህተቶቹን፣ እናንተ በአማርኛ ያላችሁትንም ቁረጡ፣ ክፍተቶቹን ወደ አንድ ሰከንድ አሳጥሩ። ሙሉ በሙሉ ባዶ ጸጥታ አታስገቡ፤ ያ 30 ሰከንድ የክፍል ጸጥታ የተቀዳው ለዚህ ነው። ከ80 ኸርትዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በፕሮግራሙ ማጣሪያ ቁረጡ፤ የኤሌክትሪክ ጥዝታ በእኛ አገር 50 ኸርትዝ ላይ ነውና ብዙው በዚህ ይወጣል። የጫጫታ መቀነሻውን ግን በጥቂቱ ብቻ ተጠቀሙ። ሲበዛ ተራኪው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ትንፋሽን ሁሉ አታጥፉ፤ ሰው ይተነፍሳል።

ስትቆርጡ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ። የማታውቁትን ቋንቋ በዓይን ብቻ መቁረጥ ቃል ማስቀረት ነው።

ደረጃ 10፦ ፈትኑት

በሥራው ውስጥ ያልነበረ፣ አማርኛውን ያልሰማ ሰው ፈልጉ። ቅጂውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አሰሙትና ወደ አማርኛ ይመልስላችሁ። ከእናንተ ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። የጎደለ፣ የተጨመረ፣ የተጣመመ እዚህ ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ ለሦስት አራት ተራ ሰሚዎች አሰሙ። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለና ሁሉም «አዎ፣ ጥሩ ነው» ይላል። ይልቅ «እኔ አልሰማሁም፣ እስኪ ንገሩኝ፤ ምን ሆነ?» በሉ። ታሪኩን መልሰው መናገር ከቻሉ ቅጂው ሠርቷል። ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱ ስህተቱ የእናንተ ነው፤ ያን ክፍል እንደገና ቅረጹ።

ደረጃ 11፦ ካርድ ላይ ጫኑ

ወደ ኤምፒስሪ ለውጡ፤ ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ለንግግር ይበቃል። አንድ ደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው፤ ባለ አምስት ደቂቃ 40 ታሪክ 100 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በብሉቱዝ ለማስተላለፍም ቀላል ይሆናል።

ካርዱን በፋት 32 (FAT32) ፎርማት አድርጉት። ትልልቅ ካርዶችን ርካሽ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ አያነቡም፤ ከ32 ጊጋባይት አይብለጥ ያልኩት ለዚህ ነው። የፋይሉን ስም በቁጥር ጀምሩ፦ 01፣ 02፣ 03። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ስሙን ሳይሆን የተገለበጠበትን ተራ ነው የሚከተሉት። ስለዚህ አንድ በአንድ በተራ ገልብጡ። ትንሣኤው ከስቅለቱ በፊት ሲጫወት ሰሚው ግራ ይጋባል። እያንዳንዱ ቅጂ ሲጀምር ተራኪው የታሪኩን ርዕስ በድምፅ ይናገር፤ ስክሪን የሌለው ስፒከር ላይ ሰሚው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የአማርኛ ስብከት አስተርጉሞ መቅዳት። ስብከት የሰባኪው ከተማ ምሳሌ ይበዛበታል። ከታሪክ ጀምሩ።
- ወረቀት ይዞ ማስነበብ። የተነበበ ነገር ወዲያው ይታወቃል።
- ሌሎች ቤተ እምነቶችን የሚነካ ቃል ማስገባት። ሰው የሚሰማው ከጎረቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ነው፤ ጎረቤት የሚያጣላ ቅጂ ዳግም አይከፈትም።
- ጥሩ ማዳመጫ ላይ ብቻ ማድመጥ። ሰሚው በሚጠቀምበት ርካሽ ስፒከር፣ ደጅ ላይ፣ አምስት እርምጃ ርቃችሁ ስሙት። ቃሉ ካልተለየ ድምፁን እንደገና አስተካክሉ።
- የመጀመሪያውን የዌቭ ፋይል መሰረዝ። አንድ ቃል ማስተካከል ስትፈልጉ ያን ፋይል ታጣላችሁ።
- ለተራኪው ቅጂውን ሳይሰጡ መቅረት። የመጀመሪያው ካርድ የእሱ ነው። እናቱ ፊት ከፍቶ ሲያሰማ ብትገኙ፣ የትኛው ቃል እንዳሳቃት፣ የትኛው እንዳስለቀሳት፣ የትኛውንም «ምን አለ?» ብላ እንደጠየቀች ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ቀጣዩን ታሪክ ስታዘጋጁ ከዚያ ገጽ ጀምሩ።